ዳገቱ ነው የረዘመው ወይስ ጉልበቴ?

(በጳጉሜን ወር ጎንደር ከተማ ውስጥ ጡረተኞችና ወጣቶች በተገናኙበት መድረክ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

እንዴት አደራችሁ? ኧረ አልሰማሁም፣ እንዴት አደራችሁ? አሁን ገና ሰማሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ አብረን ሠርተን አብረን ጡረታ የወጣን ጓደኞቼ፣ ልጆቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች! እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ፣ አንነክሳችሁም። በመጀመሪያ እንኳን ለጳጉሜን አደረሳችሁ። አውቃለሁ፣ ለጳጉሜን እንኳን አደረሰህ የሚል የለም፤ የሰው ሁሉ ዓይን እንቁጣጣሽ ላይ ነው። እኔ ግን ይህችን ወር እወዳታለሁ። የሥራ ዘመኔን ሙሉ ያለ ደመወዝ የሠራሁላት ወር ናት፤ ያልተከፈለበት ነገር ከሰው ልብ አይወጣም። ትናንት ሩፋኤል ነበር። ልጆቹ ዝናቡ ውስጥ ሲጯጯሁ ሰምታችኋል አይደል?

የዚህ መድረክ አዘጋጆች ቤቴ መጥተው «ጋሼ፣ ስለ እርጅናና ስለ ዘመን መለወጥ ይናገሩልን» ሲሉኝ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «እሱ መቼ አረጀና!» አለች። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ ስለ ሰውነታችን፣ ሁለተኛ ስለ ከተማችን፣ ሦስተኛ እናንተ ወጣቶች እኛን ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ። መሐል ላይ ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ፤ ሽማግሌ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ከዚያ በፊት ግን ዕድሜዬን ልንገራችሁ። ስንት ዓመትህ ነው ብትሉኝ ሦስት መልስ አለኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የልደት ቀን አታውቅም፤ የምታውቀው ዘመን ነው። «ደምቢያን ወባ የፈጃት ጊዜ አንተ ድክ ድክ ትል ነበር» ትለኝ ነበር። ይህ እንግዲህ 1945 ወይም 46 መሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ የመዘገበኝ መምህር ቀኝ እጄን በራሴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን እንድይዝ አደረገኝ፤ ጣቴ ጆሮዬ ላይ ሲደርስ አየና አንድ የትውልድ ዓመት ጻፈልኝ። ጡረታዬ የታሰበው በሱ ጽሑፍ ነው። በቅርቡ ደግሞ ለፋይዳ መታወቂያ ስሄድ ልጅቷ ቀኑንና ወሩን ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «መስከረም 1 ይሁንልዎት?» አለችኝ። ይሁን አልኩ። ይኸውላችሁ፣ ከሰባ ዓመት በኋላ የልደት ቀን ተሰጠኝ፤ ያውም እንቁጣጣሽ!

እናንተ ወጣቶች ትስቃላችሁ። ግን ልደትን ማስመዝገብ በሕግ ግዴታ ሆኖ በየቀበሌው የተጀመረው በ2008 ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ጡረተኞች እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ ግማሻችን የተወለድነው «ጣሊያን ሊወጣ ሲል»፣ «አንበጣው የመጣ ዓመት»፣ «እገሌ የተገደለ ሰሞን» ነው።

እናቴ ዕድሜዬን የቆጠረችበት ወባ ታሪክ አለው። ያ ወረርሽኝ የደምቢያን ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው ለዚህች ከተማ የጤና ኮሌጅ የመጣላት። በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትሉት ማለት ነው። እኔም አድጌ ከዚያው ሳኒታሪያን ሆኜ ወጣሁ። ሳኒታሪያን ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ሽንት ቤት አስቆፋሪ፣ ምንጭ አጎልባች፣ ሥጋ መርማሪ፣ ክትባት ተሸካሚ፣ ሁሉንም ነው።

እሺ፣ አንደኛው ነገር። ሰውነታችን።

ተማሪ ሳለሁ ወደ ጎሃ የሚወጣውን ዳገት ደብተሬን ይዤ ለጥናት እወጣው ነበር። ትንፋሼም አይቆራረጥ። አሁን በባጃጅ ስወጣው እንኳ ይደክመኛል። ታዲያ ዳገቱ ነው የረዘመው ወይስ ጉልበቴ? «ይህማ ምን ጥያቄ አለው!» ትሉኛላችሁ። ቆዩ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ እርጅና ማለት ለእኔ ይህን ጥያቄ በየቀኑ መጠየቅ ነው። ተለወጠ ከምንለው ነገር የትኛው ነው በእውነት የተለወጠው? የትኛውስ ነው እኛ ስለተለወጥን ተለወጠ የምንለው?

ለምሳሌ ጆሮን ውሰዱ። «የዛሬ ልጆች አይናገሩም፣ ያጉረመርማሉ» እንላለን። አጠገቤ የተቀመጡት ጓዴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፤ እሳቸውም ይላሉ ማለት ነው። ልጆቹ አላጉረመረሙም! ጆሮ ሲያረጅ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ የሕፃንና የሴት ድምፅ ይርቅብናል፤ ከፊደሉም ስ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉት ይሰወሩብናል። ቃሉ ይደርሰናል፣ ግን ጎደሎ ሆኖ ነው የሚደርሰን። ስንት አያት ነው የልጅ ልጁን «አፍህ ውስጥ ምን ይዘሃል!» ብሎ የሚቆጣው? ስንት ልጅ ነው «አባባ ተቆጭ ሆኑ» ብሎ የሚርቀው?

ዓይንም እንደዚያው ነው። ከአርባ በኋላ የዓይን ሌንስ እየደረቀ ይሄዳል፤ የቅርቡ ይደበዝዛል። እኛ ግን «ጋዜጣ የሚያትሙት በጥቃቅን ፊደል ሆነ» እንላለን። ጨው የሌለው ወጥ፣ ሽታ የሌለው ቡና፣ ይህም በአብዛኛው ከእኛ ነው። አንድ ምክር እግረ መንገዴን፦ የውኃ ጥም ስሜትም ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። ስላልጠማችሁ ውኃ አያስፈልጋችሁም ማለት አይደለም። ሳይጠማችሁ ጠጡ። ደግሞ ሌሊት ስትነሡ መብራት አብሩ፤ ቆጣቢ ነን እያልን በጨለማ ወድቀን የዳሌ አጥንታችንን የምንሰብረው እኛው ነን።

አሁን ከመንገድ ልወጣ ነው። «ዘመኑ ሮጠ» የሚለውስ? በልጅነታችን ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ዘላለም ነበር። አሁን ሁዳዴው ገባ ስንል ፍልሰታ ደረሰ። በእውነት ጊዜ ፈጥኗል? ፖል ዣኔ የሚባል የፈረንሳይ ፈላስፋ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነገሩን በሒሳብ አስቀምጦታል፤ ለ10 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜው አንድ አሥረኛ ነው፣ ለ70 ዓመት ሽማግሌ አንድ ሰባኛ፣ ስለዚህ ያጥራል ይላል። ሒሳቡ ያምራል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሒሳቡ ትክክል ቢሆን ዓመቶቼ እኩል እየቀነሱ በመጡ ነበር። አልመጡም። ገና ጀማሪ ሆኜ በበቅሎ ገጠር ለገጠር የዞርኩባቸው ጥቂት ዓመቶች በትዝታዬ ውስጥ ሰፊ አገር ናቸው። በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ሪፖርት የጻፍኩባቸው ብዙ ዓመቶች ግን የት ገቡ? አንዱን ከአንዱ መለየት አልችልም። አዲስ ነገር ያለበት ዓመት ረጅም ሆኖ ይታወሳል፤ ያው በያው የሆነ ዓመት ምልክት ስለሌለው ይጣበቃል። ጡረታ ወጥተን በር ላይ ተቀምጠን መንገደኛ ስንቆጥር የምንውል ሰዎች «ጊዜው ሮጠብን» ብንል ጊዜ ምን ያድርግ?

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ከተማችን።

ጡረተኞች ስንገናኝ የመጀመሪያው ለቅሷችን ሰላምታ ነው። «ድሮ ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ሰላም እያልን ስንሄድ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ የሚያውቀን የለም፣ ሰው ከፋ።» ይህ የሰው ክፋት ነው? በ1987 ቆጠራ ጎንደር 112 ሺህ ሰው ነበራት። በ1999 ቆጠራ 207 ሺህ። በ12 ዓመት ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደተጨመረ በየዳገቱ የበቀለውን ቤት አይታችሁ ገምቱ። በዚህ ላይ ሰላም የሚሉን እኩዮቻችን በየደብሩ አርፈዋል። የማውቃቸው አለቁ፣ የማላውቃቸው በዙ። መንገድ ላይ የሚያልፈኝ ልጅ ምን አጠፋ? አያውቀኝማ!

ቀሃን ግን ለልጆቹ አሳልፌ አልሰጥም። ቀሃ ወንዝ ሲበላሽ አይቻለሁ። ዋኝቼበታለሁ፣ ልብስ ሲታጠብበት አውቃለሁ፣ አሁን ደግሞ ቆሻሻ ሲደፋበት አያለሁ። ይህ የዓይኔ ድካም አይደለም። ውኃ መመርመር ሥራዬ ነበር፤ ይህ በእውነት የተለወጠ ነገር ነው። የኑሮ ውድነቱም እንዲሁ፤ የጤፉን ዋጋ ትዝታዬ አይደለም ያናረው። አያችሁ ልዩነቱን? ሁሉንም «ዘመኑ ከፋ» በሚል አንድ ቁና ከሰፈርነው ስለ ቀሃ የምንናገረው እውነት ስለ ሰላምታ ከምናሰማው ለቅሶ ጋር አብሮ ይጣላል። ወጣቱ «ሽማግሌ ሁሌም ያማርራል» ብሎ ሁለቱንም ይተዋል። የሚጎዳው ማን ነው? ቀሃ ነው።

«ድሮ ደግ ነበር» የሚለውን ደግሞ ልምጣበት። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኛ ጤና ሠራተኞች ገጠር ስንወጣ እናቶችን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ ነበር። ስንት ወለድሽ? ስንት አሉሽ? ሁለት ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ አንድ ሆኖ አያውቅም ነበር። «ስምንት ወልጄ ሦስት አሉኝ።» «ዘጠኝ ወልጄ አራት አሉኝ።» ስትናገር ድምጿ አይለወጥም። ጎረቤቷም እንደዚያው ነበረች፣ እናቷም እንደዚያው። እኔ ልጅ ሳለሁ በአገራችን ሲወለዱ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ ወደ 40 ዓመት ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ይህ ማለት ድሮ ሰው 40 ሲሞላው ይሞት ነበር ማለት አይደለም፤ ያኔም የ80 ዓመት አዛውንት ነበሩ። አማካዩን ወደ ታች የጎተቱት ሕፃናቱ ናቸው። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ድሮ ደግ የነበረው ለማን ነው? ለተረፍነው ነው። ያልተረፉት እዚህ መጥተው አይናገሩም።

ፈንጣጣን የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አዎ፣ አዛውንቶቹ ብቻ። ልጆች፣ ክንዳችሁ ላይ ያለው ጠባሳ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው፤ የፈንጣጣው አይደለም። የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ በ1963 ሲጀመር እኛ ጀማሪዎቹ ከዘመቻው ጋር ተላክን። ጫፏ መንታ የሆነች ትንሽ መርፌ፣ የክትባት ጠርሙስ፣ በቅሎና ጥሬ ይዘን ነበር የምንወጣው። ከዳባት ወዲያ አንድ መንደር ደረስን። ሰዉ አሻፈረኝ አለ። «መንግሥት ልጆቻችንን ሊያመክን ነው» የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሷል። የመንደሩ ትልልቅ ወንዶች ተሰብስበው ተከራከሩ፣ ማዶና ማዶ ተጯጯሁ፣ ቀኑ መሸ።

በማግሥቱ አንዲት በጣም ያረጁ እናት ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ፊታቸው በፈንጣጣ የተጠቀጠቀ ነው፤ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። ፈንጣጣ አንዴ የያዘው ሰው ዳግም እንደማይያዝ አገሬው ከእኔ በፊት ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ክንዳቸውን ገልጠው «ቅድሚያ እኔን ውጋኝ» አሉኝ። እማማ፣ እርስዎ አያስፈልግዎትም አልኳቸው። «አውቃለሁ፣ ውጋኝ» አሉ። ወጋኋቸው። ከዚያ ዞረው ለሰዉ ፊታቸውን አሳዩ። «ይህን ፊት ለልጆቻችሁ ትመኛላችሁ?» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እስከ ማታ ድረስ ስንወጋ ዋልን፤ ክትባቱ አለቀብን።

በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ነው። በዓለም ላይ መጥፋቱ የታወጀው በ1972። በዚያ መዝገብ የእኚያ እናት ስም የለም። እርጅና ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን የማሳያችሁ ሰው እሳቸውን ነው። ድሮ ደግ ነበር አላሉም። ድሮ ምን እንደነበረ በገዛ ፊታቸው አሳዩ።

ስለ ከተማችን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፋሲል ግቢን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በ1972 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዳ ይዤ ስገባ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ፋሲል ያን የሚያህል ግንብ ሠራ። ልጁ ዮሐንስ አባቱ ግንብ ውስጥ ተቀምጦ መኖር አያቅተውም ነበር፤ የራሱን ሠራ። ኢያሱ መጣ፣ የራሱን ሠራ። ዳዊት ሠራ፣ በካፋ ሠራ፣ ምንትዋብ ሠራች፤ ያ አልበቃ ብሏት ቁስቋም ላይ ሌላ ሠራች። ይህ ሁሉ ከመቶ ዓመት ትንሽ ፈቀቅ በሚል ጊዜ ውስጥ ነው። ዛሬ ቅርስ ብለን የምንሳለመው ግቢ የአባቶቻቸው ቤት ያልበቃቸው ልጆች የገነቡት ነው! ግን ልብ በሉ፤ የአባታቸውን አላፈረሱም። ጎን ላይ ነው የሠሩት።

ፒያሳ ያሉትን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤትም አስቡ። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1934 እስኪወጣ ድረስ የሠራቸው ናቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ አዲስ ቤት ነበሩ! የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ጎንደር ያስታውሱ ነበር። ከተማይቱ በቴዎድሮስ ጊዜ ተቃጥላለች፣ በ1880 ደርቡሽ አቃጥሏታል፣ በ1934 የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎባታል። በየጊዜው «ጎንደር አበቃላት» ያላለ ሽማግሌ ነበር ትላላችሁ? እኔ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ነገር። ሰዓት አሳዩኝ መሰለኝ፤ እሺ፣ አሳጥራለሁ።

ልጆቼ፣ እናንተ ጨዋ ናችሁ። ስንመጣ ትነሣላችሁ፣ ወንበር ትለቃላችሁ፣ «አባታችን፣ በረከታችን» ትሉናላችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ። ግን እውነቱን ልናገር? ከዚያ በኋላ ምንም አትጠይቁንም። ክብር ሰጥታችሁ ጥግ ታስቀምጡናላችሁ። ሰው በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ ገና ብዙ ዓመት በሚኖርበት በአሁኑ ጊዜ ከሥራ የተለየ ክብር ከባድ ነው። አያቶቻችን ሲያረጁ ሥራ ይጨመርባቸው ነበር፤ ድንበር ያካልላሉ፣ ደም ያደርቃሉ፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። እኛ ስንሠለጥን ፔንሽን ተቀበልን፣ ሥራው ግን ቀረ።

ስትጠይቁንም አጠያየቃችሁ አይረባም፤ አትቀየሙኝ። «ጋሼ፣ ድሮ እንዴት ነበር?» ትላላችሁ። እንዲህ ብላችሁ ከጠየቃችሁን ተረት ነው የምንነግራችሁ። «ሁሉ ርካሽ፣ ሰው ሁሉ ደግ ነበር» እንላችኋለን። ነገሩን አጥብባችሁ ጠይቁን። ውኃ የት ትቀዱ ነበር? ከቤት እስከ ምንጩ ስንት ያስኬድ ነበር? በበጋ ይደርቅ ነበር? ማን ይቀዳ ነበር፣ ወንዶች ትቀዱ ነበር? (አንቀዳም ነበር፤ ይህንንም ጻፉት።) እንዲህ ሲሆን ሽማግሌው ማማረር ትቶ መመስከር ይጀምራል።

እናንተም ጡረተኞች፣ ጓዶቼ፣ እኔም ጭምር፤ «ዘመኑ ከፋ» ከማለታችን በፊት እንለይ። ይህ ከጉልበቴ ነው? ይህ ከጆሮዬ ነው? ከሆነ መነጽርና ምርኩዝ እንያዝ፣ ዝም እንበል። ከዘመኑ ነው? እንግዲያው ቦታውን፣ ዓመቱን፣ አድራጊውን ጠቅሰን ጮክ ብለን እንናገር። ልጆቹ ያኔ ይሰሙናል።

ውኃን በምሳሌነት ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በዚህች ከተማ ቧንቧ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ በርሜል ደርድሮ መጠበቅ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአንገረብ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ሕዝቡ የሚቀዳባቸው ምንጮች ነበሩ። አንዳንዶቹን በሥራዬ ምክንያት አውቃቸዋለሁ፤ ሲሚንቶ አስለስኜባቸዋለሁ፣ አጥር አሳጥሬባቸዋለሁ። ዛሬ አንዳንዱ ላይ ቤት ተሠርቶበታል፣ አንዳንዱ በቆሻሻ ተደፍኗል፣ አንዳንዱ ግን አሁንም ያፈልቃል ብዬ አምናለሁ። ቦታውን የምናውቅ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። እናንተ ደግሞ ቦታን ካርታ ላይ የሚመዘግብ ስልክ በኪሳችሁ አለ። ታዲያ ምን ቀረን?

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመስቀል ማግሥት ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፋሲል ግንብ በር ላይ እንገናኝ። አንድ ሽማግሌ ከሁለት ተማሪ ጋር ይመደባል። ከቀሃ በኩል እንጀምራለን፤ ያገኘነውን ምንጭ ትመዘግባላችሁ፣ ፎቶ ታነሣላችሁ፣ የውኃ ናሙና ለምርመራ ትወስዳላችሁ። የጤና ተማሪዎች እዚህ ስላላችሁ አወሳሰዱን እኔ አሳያችኋለሁ፤ ጠርሙሱ የተቀቀለ ይሁን። ጉልበት የከዳን ሰዎች ባጃጅ ይያዝልን፤ የባጃጁን ዋጋ ጡረተኞቹ እናዋጣለን። ስም የሚመዘግብ ልጅ በሩ ጋ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። ማይኩን ግን ቅድሚያ ለእናቶች ስጧቸው፤ ምንጮቹን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ፣ ደግሞ እኛ ወንዶች ማይክ ከያዝን ጥያቄ ሳይሆን ሌላ ንግግር ነው የምናደርገው። እሺ፣ እዚያ ነጠላ ያጣፉት እትዬ፣ ይጀምሩ።